ሳይቃጠል በቅጠል፦ መድኃኒት ስለሚያስከትለው የመንጋጋ አጥንት ሞትና ስለ ግንደ ሕዋስ ምርምር

መግቢያ

በዚህ እትም የጥናት ገጻችን የምናቀርበው ርእስ ላይ ላዩን ሲታይ የጥርስ ሐኪሞችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ሕክምና የሚያጠናው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አገር ቤት ያለች እናት ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት ሲታዘዝላት፣ ወይም አንድ አጎት ካንሰሩ አጥንት ገብቷል ተብሎ መርፌ ሲጀምር፣ የመድኃኒቱ ስም ተጽፎ የሚላከው ውጭ አገር ላለው ልጅ ነው። ልጁም ምሕንድስና ይማር ሒሳብ፣ መድኃኒቱን አፈላልጎ በመንገደኛ እጅ ይልካል። እንግዲህ የምንልከው ነገር በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራና ምን ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ሳናውቅ መላካችን ተገቢ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነው። 1ኛ፣ በሽታው ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ማስረዳት፤ 2ኛ፣ በሽታውን በግንደ ሕዋስ አማካይነት ለመከላከል የሚደረገው ምርምር የት እንደደረሰ ማሳየት፤ 3ኛ፣ ምርምሩ እስኪበስል ድረስ ዛሬ በእጃችን ያለውን መከላከያ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ/ የክብሪት ሠራተኞች መንጋጋ

ታሪኩ የሚጀምረው ከክብሪት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የነበሩ ብዙ ፋብሪካዎች የክብሪቱን ራስ የሚሠሩት ነጭ ፎስፈረስ ከሚባለው ንጥረ ነገር ነበር። ሠራተኞቹ፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ ሴቶችና ልጆች፣ ቀኑን ሙሉ የፎስፈረሱን ጢስ ሲተነፍሱ ይውሉ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንዳንዶቹን በመጀመሪያ ጥርሳቸውን ያማቸዋል፤ ቀጥሎ ድዳቸው ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል፤ በመጨረሻም የመንጋጋቸው አጥንት ሞቶ በአፋቸው ውስጥ አግጦ ይታያል። የቪየናው ሐኪም ሎሪንሰር ይህን በሽታ በ1845 በጽሑፍ ገልጠውታል።

በጁላይ 1888 በምሥራቅ ለንደን በብራያንት ኤንድ ሜይ የክብሪት ፋብሪካ 1,400 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች ሥራ አቁመው ወጡ። ቅሬታቸው ብዙ ነበር፤ ከትንሿ ደመወዛቸው ላይ የሚቆረጠው ቅጣት አንዱ ነው። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ግን ለዛሬው ጥናታችን ልዩ ትርጉም አለው። ይኸውም ምግባቸውን ፎስፈረስ ከነካው የሥራ ቦታ ርቀው የሚበሉበት የተለየ ክፍል እንዲኖራቸው የጠየቁት ነው። አድማው በሠራተኞቹ ድል ተፈጸመ። ከዚያም በ1906 በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ የተፈረመው ስምምነት ነጭ ፎስፈረስ ለክብሪት ሥራ እንዳይውል ከለከለ፤ እንግሊዝም ከ1910 ጀምሮ በሕግ አገደችው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ቀይ ፎስፈረስ የሚባለው ጉዳት የማያደርሰው ዓይነት ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ይታወቅ ነበር፤ ዋጋው ውድ በመሆኑ ግን ባለፋብሪካዎቹ አልፈለጉትም። ሁለተኛ፣ በሽታውን ከፋብሪካዎቹ ያጠፋው አዲስ መድኃኒት አይደለም። የበሽታው ምክንያት ታወቀ፤ የሚጎዱት ሰዎች ስለ ጉዳቱ ተናገሩ፤ ምክንያቱም በሕግ ተወገደ። ይህን ትምህርት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለ/ በሽታው በሌላ በር ተመለሰ

በርን ላይ ስምምነቱ ከተፈረመ ወደ 100 ዓመት ሲጠጋ፣ በ2003፣ በአሜሪካ የማያሚ ዩኒቨርሲቲው የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሮበርት ማርክስ የመንጋጋ አጥንታቸው ሞቶ ያገጠጠባቸውን የ36 ሰዎች ጉዳይ አቀረቡ። እነዚህ ሰዎች ክብሪት ፋብሪካ የሠሩ አልነበሩም። የሚያገናኛቸው ነገር ፓሚድሮኔት ወይም ዞሌድሮኔት የተባለ መድኃኒት መውሰዳቸው ነበር። ሁለቱም ቢስፎስፎኔት ከሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብ ናቸው፤ ከስሙ እንደሚታወቀውም በኬሚካላዊ አሠራራቸው ውስጥ ፎስፈረስ አለ።

ቆይቶም ዴኖሱማብ የተባለው፣ ከቢስፎስፎኔት ቤተሰብ ያልሆነው መድኃኒት፣ እንደዚሁም ለካንሰር የሚሰጡና አዳዲስ የደም ሥሮች እንዳይበቅሉ የሚያግዱ አንዳንድ መድኃኒቶች ያንኑ ጉዳት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ታወቀ። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2014 የበሽታውን ስም ለውጦ «ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ የመንጋጋ አጥንት ሞት» አለው። አንድ ሰው ይህ በሽታ አለበት የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦

1. ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን የሚወስድ ወይም ቀደም ሲል የወሰደ ሲሆን፤
2. በአፉ ውስጥ ያገጠጠ አጥንት፣ ወይም በድድ ወይም በቆዳ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል በመሣሪያ የሚነካ አጥንት ከ8 ሳምንት በላይ ሲቆይ፤
3. መንጋጋው ላይ የጨረር ሕክምና ያልተደረገለትና ካንሰር ወደ መንጋጋው ያልተሰራጨበት ሲሆን ነው።

አንባቢው የመድኃኒቱን ሳጥን ሲያይ እንዲያውቀው የተለመዱትን የንግድ ስሞች እንጠቅሳለን። ፎሳማክስ የሚባለው ክኒን አሌንድሮኔት ነው። ዞሜታ የሚባለው መርፌ ዞሌድሮኔት ነው። ፕሮሊያና ኤክስጂቫ የሚባሉት መርፌዎች ሁለቱም ዴኖሱማብ ናቸው።

አደጋው ለሁሉም እኩል አይደለም። ለአጥንት መሳሳት የቢስፎስፎኔት ክኒን ከሚወስዱት መካከል በሽታው የሚደርስባቸው ከ10 ሺህ ሰው ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት ናቸው። በካንሰር ምክንያት መርፌውን በከፍተኛ መጠን ከሚወስዱት መካከል ግን ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ያም ሆኖ አብዛኞቹ ጥናቶች ከ100 ሰው ከ5 በታች ያደርጉታል። የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው። ለአጥንት መሳሳት ዞሌድሮኔት በዓመት አንድ ጊዜ 5 ሚሊ ግራም ሲሰጥ፣ ካንሰር አጥንቱን ለነካው ሰው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ 4 ሚሊ ግራም ይሰጥ ዘንድ የተለመደ ነው። ኮርቲዞን መሰል መድኃኒት መውሰድ፣ ስኳር በሽታና ሲጋራ ማጨስም አደጋውን የሚያባብሱ ናቸው።

ስለዚህ ከወዲሁ አንድ ነገር እንናገር፤ ይህ ጽሑፍ መድኃኒቶቹን ለማስጠላት የተጻፈ አይደለም። የዳሌ አጥንት ስብራት አንዲትን አሮጊት ከአልጋ ሊያስቀር ይችላል፤ ካንሰር የገባበት አጥንት ሕመሙና ስብራቱ ከባድ ነው። መድኃኒቶቹ ከጉዳታቸው ጥቅማቸው ያመዝናል። ጥያቄያችን ጥቅሙን ይዘን ጉዳቱን እንዴት እንከላከል የሚለው ነው።

ሐ/ አጥንት እንዴት ይኖራል? ለምንስ መንጋጋ?

አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም። የጭቃ ቤት አሮጌ ምርጊቱ ተፍቆ በአዲስ ጭቃና ጭድ ካልተመረገ እንደማይቆይ ሁሉ አጥንትም ሳያቋርጥ ይታደሳል። በአዋቂ ሰው ላይ ከጠቅላላው አጥንት ውስጥ በዓመት ከ100 እጅ 10 ያህሉ ይለወጣል። ሥራውን የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ናቸው። ኦስቲዮክላስት የሚባሉት አሮጌውን አጥንት ያፈርሳሉ፤ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት በቦታው አዲስ ይገነባሉ። የአጥንት መሳሳት የሚመጣው አፍራሾቹ ከገንቢዎቹ ሲያይሉ ነው።

መድኃኒቶቹ የሚሠሩት አፍራሾቹን በማገድ ነው። ቢስፎስፎኔት ከአጥንቱ ማዕድን ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ አፍራሹ ሕዋስ አጥንቱን ሲቦረቡር መድኃኒቱን አብሮ ይውጠዋል፤ ከዚያም ሕዋሱ ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን ሥራ ለመሥራት ይሳነዋል። መድኃኒቱ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ዴኖሱማብ ግን በአጥንት ውስጥ አይከማችም። አፍራሾቹ ሕዋሳት እንዲበዙ ትእዛዝ የሚያስተላልፈውን ራንክ ኤል የተባለ ፕሮቲን ይዞ ያስቀራል፤ ኃይሉም በ6 ወር ገደማ ይዳከማል።

ምርጊቱ ሳይፋቅ ለዓመታት የቆየ ግድግዳ ከውጭ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ አንድ ቀን ሲመታ ግን መጠገኛ ያጣል። በመንጋጋ ላይ የሚደርሰውም ይህን ይመስላል። ሆኖም የክንድ አጥንትም የእግር አጥንትም አንድ ዓይነት መድኃኒት እየደረሳቸው መንጋጋ ብቻ ተለይቶ የሚጎዳበት ምክንያት አለው። በመጀመሪያ፣ መንጋጋ በማኘክ ሥራ የተነሣ መታደሱ ከብዙ አጥንቶች የፈጠነ ነው። ሁለተኛ፣ ጥርስ ድድን አልፎ አጥንት ውስጥ የተተከለ በመሆኑ በአፍ ውስጥ ለሚኖሩት ባክቴሪያዎች መንገድ ይከፍታል። ሦስተኛ፣ አጥንቱን የሚሸፍነው ሥጋ ስስ ነው፤ የታችኛው መንጋጋ ደግሞ የደም አቅርቦቱ አነስተኛ በመሆኑ ከታማሚዎቹ ከ4ቱ 3 ያህሉ የሚጎዱት በዚሁ ላይ ነው።

ጉዳቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰቅሰው የጥርስ መነቀል ነው። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በጉጠቱ ላይ ማሳበብ አይገባም። ጥርሱ የሚነቀለው ድሮውንም ሥሩ መግል ስለያዘ ወይም ድዱ ስለታመመ ነውና፣ በብዙ ሰው ላይ ጉዳቱ ከመነቀሉ በፊት የጀመረ ሊሆን ይችላል። ይህ ነጥብ ለመከላከያው ወሳኝ ነው።

መ/ ግንደ ሕዋስ ምን ያደርጋል?

ስቴም ሴል የሚባለውን በዚህ ጽሑፍ ግንደ ሕዋስ ብለነዋል፤ ከአንድ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ እንደሚወጣ ከእርሱም ልዩ ልዩ ሕዋሳት ይወጣሉና። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የሶቪየት ሳይንቲስቱ አሌክሳንደር ፍሪደንሽታይን በመቅኔ ውስጥ አጥንት ለመፍጠር የሚችሉ ሕዋሳት እንዳሉ አሳዩ። በ1991 አሜሪካዊው አርኖልድ ካፕላን እነዚህን «ሜሰንካይማል ስቴም ሴል» ብለው ሰየሟቸው። በ2000 በጥርስ እምብርት ውስጥ፣ በ2003 ደግሞ በሕፃናት የወተት ጥርስ ውስጥ ተመሳሳይ ሕዋሳት ተገኙ። በአገራችን ልጅ ሆነን ጣራ ላይ የወረወርነው ጥርስ ተመራማሪዎች በጥንቃቄ የሚያስቀምጡት ሀብት ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ እነዚህ ሕዋሳት ከመንጋጋው በሽታ ጋር ምን አገናኛቸው? የተጎዳ አጥንትና ድድ የሚጠገነው በእነርሱ ነው። መድኃኒቱ አፍራሾቹን ብቻ ሳይሆን በቁስሉ አካባቢ ያሉትን ጠጋኞችም የሚያዳክም ከሆነ፣ ጤነኛ ጠጋኝ ከሌላ ቦታ ማምጣት ይቻላል የሚል ሐሳብ ተነሣ።

በ2010 ኪኩይሪና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት መንገድ ከፋች ነበር። አይጦች ዞሌድሮኔትና ዴክሳሜታዞን ተሰጥቷቸው ጥርስ ሲነቀልላቸው የሰውን በሽታ የሚመስል ጉዳት ደረሰባቸው። በደማቸው ውስጥ ብግነትን የሚያረግቡት ነጭ የደም ሕዋሳት አንሰው፣ ብግነትን የሚያባብሱት በዝተው ተገኙ። ግንደ ሕዋስ በደም ሥር ሲሰጣቸው ሚዛኑ ተስተካከለ፤ በሽታው ተከለከለ፣ የታመሙትም ዳኑ። ከጥናቱ የተገኘው ትምህርት ግንደ ሕዋስ የሚሠራው አጥንት ራሱ በመሆን ብቻ ሳይሆን የሰውነትን የመከላከያ ሠራዊት በማረጋጋትም ጭምር መሆኑ ነው። በ2013 በአነስተኛ አሳማዎች ላይ የተደረገ ጥናትም የግንደ ሕዋስን ጥቅም ደገፈ። የአሳማ መንጋጋ ከአይጥ ይልቅ ለሰው የቀረበ ስለሆነ ይህ ዋጋ ያለው እርምጃ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ከዚህ የረቀቀ ነው። ግንደ ሕዋስ የሚጠቅመው በሚያመነጨው ነገር ከሆነ፣ ሕዋሱን ትቶ ያመነጨውን ብቻ መስጠት አይቻልምን? ሕዋሳት መጠናቸው የአንድ ሚሊ ሜትር 10 ሺኛ ያህል የሆነ ጥቃቅን ከረጢቶች ወደ ውጭ ይልካሉ፤ በከረጢቶቹ ውስጥ ለሌላ ሕዋስ የሚደርስ መልእክት አለ። በ2020 የጃፓን ተመራማሪዎች ዋታናቤና ባልደረቦቻቸው ዞሌድሮኔት በተሰጣቸው አይጦች ላይ ይህን ሞከሩ። ያገኙት ውጤት ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያ፣ መድኃኒቱ የነካቸው ግንደ ሕዋሳት፣ የአጥንት ገንቢዎችና የድድ ሕዋሳት ሳይሞቱ ያረጃሉ። ያረጀውም ሕዋስ ብግነት የሚያመጣ ነገር እያመነጨ ጎረቤቱን ይበክላል። ሁለተኛ፣ ከጤነኛ ግንደ ሕዋስ የተገኙት ከረጢቶች ሲሰጡ እርጅናው ተገታ፤ ጥርስ የተነቀለበትም ቦታ ዳነ።

እነዚህ ጥናቶች በሽታው ከመድረሱ በፊት መከላከልን የሚያልሙ ናቸው። ጥርሱ በሚነቀልበት ዕለት ከረጢቶቹን በመስጠት ቁስሉ እንዲድን ማድረግ ቢቻል፣ በካንሰር ምክንያት መርፌውን ለማቆም የማይችል ሰው ጥርሱን ሲያመው በፍርሃት አይቀመጥም ነበር።

ሠ/ ምርምሩ ገና ያልፈታቸው ጥያቄዎች

ተስፋውን እንደገለጥን ሁሉ ጉድለቱንም በግልጽ መናገር ይገባል።

አንደኛ፣ መከላከልን በሚመለከት ያለው ማስረጃ በአብዛኛው የእንስሳት ነው። በሰው ላይ የተደረገው በሽታው ከደረሰ በኋላ ለማዳን ሲሆን የታማሚዎቹም ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነው። በ2011 ከጣሊያን የቀረበው የአንድ ሰው ጉዳይ ነበር፤ በ2017 ከጀርመን የቀረበው ደግሞ የ6 ሰዎች። ሁሉም ቢድኑም የሞተው አጥንት በቀዶ ሕክምና ተጠርጎ ግንደ ሕዋሱ ሲጨመር ያዳነው የትኛው እንደሆነ ያለ ማነጻጸሪያ መለየት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡት የካንሰር ታማሚዎች ናቸው። ሥጋ እንዲያድግና የደም ሥር እንዲበቅል የሚያበረታታ ነገር ካንሰሩንም እንዳያበረታታ ያሰጋል። ይህ ሳይጠራ ሕክምናውን ለብዙኃን ማዋል አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ዋጋውና አሠራሩ ነው። ሕዋስን ማራባት ንጹሕ ላቦራቶሪ፣ የሠለጠነ ሰውና ጥብቅ ቁጥጥር ይጠይቃል። ከረጢቶቹ ከሕዋሱ ይልቅ ለማስቀመጥና ለማጓጓዝ ይቀላሉ ተብሎ ይታሰባል፤ መጠናቸውንና ጥራታቸውን በአንድ መለኪያ ማስተካከል ግን ገና ያላለቀ ሥራ ነው።

ስለዚህ ማንም ሰው «በግንደ ሕዋስ መንጋጋህን እናድናለን» ብሎ በብዙ ገንዘብ ቢያስተዋውቅ እንዳንታለል። ሳይንስ ያልጨረሰውን ነገር ነጋዴ ቀድሞ ሊሸጠው ይችላል።

ረ/ ዛሬ በእጃችን ያለው

አሁን ከክብሪት ሠራተኞቹ ወደተማርነው እንመለስ። ምክንያቱ የታወቀ በሽታ ምክንያቱ ላይ ነው የሚመታው። መድኃኒቱን ማስወገድ አንችልም፤ የታመመውን ጥርስ ግን መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ማስወገድ ወይም ማከም እንችላለን። ይህም በሥራ ተፈትኗል። በጣሊያን ካንሰር አጥንታቸውን የነካባቸውን ታማሚዎች ያካተተ በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመድኃኒቱ በፊት የጥርስ ምርመራና ሕክምና እንዲደረግ ከተወሰነ በኋላ በሽታው የያዛቸው ከ100 ሰው ከ3.2 ወደ 1.3 ወረደ። ይህን ያደረገው አዲስ ላቦራቶሪ አይደለም፤ መስተዋት፣ መብራት፣ የጥርስ ራጅና ጠያቂ ሐኪም ነው።

ስለሆነም መድኃኒት ከመላካችን በፊት ለቤተሰባችን የሚከተለውን እንንገር፦

1. መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ጥርስ ይመርመር። መነቀል ያለበት ጥርስ አስቀድሞ ይነቀል፤ ሁኔታው የሚፈቅድ ከሆነ ድዱ እስኪገጥም፣ ይኸውም ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያህል፣ መድኃኒቱ ይቆይ። ካንሰሩ ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

2. ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰው ድዱን የሚያቆስለው እንዳይሆን ያስተካክል።

3. መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄድ ሁሉ የመድኃኒቱን ስም፣ የጀመረበትን ጊዜና የመጨረሻውን መርፌ ቀን ይናገር። የሚያክመው ሐኪም በአፉ ስለሚጠይቅ ብቻ ሳይሆን ሳይጠየቅም ይናገር። ጥርስን ከመንቀል ይልቅ ሥሩን አክሞ ማቆየት ሲቻል እርሱ ይመረጣል።

4. ጥርስ በየቀኑ ይጸዳ። በመፋቂያም ይሁን በብሩሽ፣ ዋናው ድድን ሳያቆስሉ ማጽዳቱ ነው።

5. የማይድን ቁስል፣ መግል፣ የተነቃነቀ ጥርስ፣ የከንፈር መደንዘዝ ወይም ያገጠጠ አጥንት ከታየ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

6. መድኃኒቱን ከሐኪም ፈቃድ ውጭ ማንም አያቁም። በተለይ ዴኖሱማብ በድንገት ሲቋረጥ የአጥንት መሟሟቱ ተመልሶ ይፈጥናል፤ የአከርካሪ አጥንት ስብራትም ሊያመጣ ይችላል።

ማጠቃለያ

የግንደ ሕዋስ ምርምር ገና ሐኪም ቤት ባይደርስም ለጥያቄያችን ትልቅ መልስ ሰጥቷል። መንጋጋው የሚሞተው አፍራሽ ሕዋስ ስለታገደ ብቻ ሳይሆን ጠጋኙም ስላረጀና ብግነቱ ስላየለ መሆኑን አሳይቶናል። ይህን ሳይንስ የሚያጠኑ ወንድሞችና እኅቶች ከመካከላችን ቢወጡ ደስታችን ነው። ሌሎቻችን ደግሞ የሚጠበቅብን ቀላል ነው፤ መድኃኒቱን የጠቀለልንበት ወረቀት ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። «መርፌውን ከመወጋትሽ በፊት ጥርስሽን ታዪ።» ላኪው ልጅ ያን መስመር ካልጻፈ፣ በእናቲቱና በሁለቱ ሐኪሞች መካከል ማንም ላይናገረው ይችላል። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ነጭ ፎስፈረስ እያለ ቀይ ፎስፈረስ ያልተመረጠበት ምክንያት ምን ነበር? ዛሬ ርካሽ የሆነው የጥርስ ምርመራ የሚታለፍበት ምክንያትስ ከዚያ በምን ይመሳሰላል፣ በምን ይለያል?

2. ዞሌድሮኔትና ዴኖሱማብ አፍራሽ ሕዋሳትን በሁለት የተለያየ መንገድ ያግዳሉ። ልዩነቱን በራሳችሁ አገላለጥ አስረዱ። የትኛው በአጥንት ውስጥ ይቆያል?

3. በአይጥ ላይ የተገኘ ውጤት በሰው ላይ ይሠራል ለማለት ምን ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋል? 6 ታማሚዎች ለምን አይበቁም?

4. ወደ አገር ቤት መድኃኒት የላከ ካለ በክበባችሁ ይናገር፤ ከመድኃኒቱ ጋር ምን መልእክት ላከ? ምንስ ሳይናገር ቀረ?